ፓምፑን የያዝኩት እኔ ነኝ

የምስክርነት ቃል (ተጨማሪ)

የምስክሯ ስምና አድራሻ፦ ቀደም ሲል በሰጠችው ቃል ላይ እንደተመዘገበው
ዕድሜ፦ 58
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ ልብስ ጥገና
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 9፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ
ቦታ፦ የምርመራ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ
ምክንያት፦ ምስክሯ በራሷ ፈቃድ ቀርባ የመጀመሪያ ቃሏን ለማረም በመጠየቋ

ለዛሬው ቃሌ መነሻ የሚሆነውን ነገር እስከ አሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ የሞተ ዕለት መኪና ፍለጋ አልሄድኩም። መርማሪው ይህ ነገር ከተያዘው ጉዳይ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቀውኛል። እንደሚገናኝ ገልጬ እንዲጻፍልኝ ስላመለከትኩ ተጽፏል።

ባለቤቴ እንጨት ሠሪ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከቀትር በኋላ፣ ከቤታችን ጋር በተያያዘው የሥራ ክፍል ውስጥ መጋዙ ክንዱን ቆረጠው። ስደርስ ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጦ ነበር። ፎጣ አስያዘኝና «አጥብቀሽ ያዢ። ማየት ካልቻልሽ ፊትሽን አዙረሽ ያዢ» አለኝ። ፊቴን አዙሬ ያዝኩ። ደሙ በጣቶቼ መካከል ሲወጣ ግን ለቀቅኩት። ወደ ግቢ ወጥቼ፣ በተደረደረው ጣውላ ላይ ግንባሬን አስደግፌ፣ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ። ጎረቤቶች ሲመጡ የት እንደነበርኩ ጠየቁኝ፤ መኪና ፍለጋ ብዬ መለስኩ። ወንድሞቹ «አንቺማ የምትችይውን ሁሉ አድርገሻል» እያሉ አጽናኑኝ። ያንን ማጽናኛ እስከ ዛሬ ስቀበል ኖሬአለሁ።

ከዚያ በኋላ ደም ማየት አልቻልኩም። መርፌ ጣቴን ከወጋኝ ሥራዬን አቋርጬ እተኛ ነበር። ልጅ የለንም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ማንበብ የተማርኩት ከእሱ ሞት በኋላ ነው። ለጥገና የሚመጣው ልብስ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ይዤ ደንበኞቼን «ይቺ ምን ትላለች?» እያልኩ ነው የለመድኩት። አሁን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ይህንንም ቃል ገጽ በገጽ እያነበብኩ ነው የማልፈው።

ተጠርጣሪው የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ ታማ ስለነበር ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እኔ ቤት አደገ። መተዳደሪያው ሞባይል መጠገን ሲሆን በዕረፍት ቀኖቹ ከጓደኞቹ ጋር ፊልም ይሠራል። ፊልሞቹ ሰው የሚተራረድባቸውና የሚያስቁ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ቱቦ የሚያሳልፍ ሸሚዝ እንድሰፋለት ቤቴ መጣ። ቱቦው የት ጋ እንደሚወጣ ለማስረዳት ቀድሞ የሠራውን ፊልም በኮምፒውተሩ ከፈተልኝ። ደም እንዳለበት ሳይነግረኝ ነው የከፈተው።

በዚያ ፊልም ላይ አንድ ሰውዬ ክንዱ በመጥረቢያ ይቆረጣል። ደሙ ጣሪያ ድረስ ይረጫል። የሚረጨው ቱቦ ግን ከእጅጌው ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው የወደቀውን ክንዱን አንስቶ አየት አደረገና ጀርባውን አከከበት። ሳቅኩ። ሳቁ አልቆም ብሎኝ መቀመጫዬን ለቅቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። የእህቴ ልጅ ሕመም መስሎት ውሃ ይዞ መጣ። «አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «እንደገና አሳየኝ» አልኩት።

መርማሪው ሰው እንዲህ ያለውን ፊልም ለምን እንደሚወድ፣ እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ምን እንዳገኘሁበት ጠይቀውኛል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ፊልም ላይ ደሙ ደም ይመስላል። እሱን ማየት አልችልም፤ ተነስቼ እወጣለሁ። የእህቴ ልጅ ፊልም ላይ ግን ቱቦው ይታያል። የተቆረጠው ራስ ጨርቅ የተጠቀለለበት ኳስ መሆኑ ይታያል። ሬሳ ሆኖ የተኛው ሰው ሲተነፍስ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ ዓይኔን የማሳርፈው እዚያ ሆድ ላይ ነው። ያ ሁሉ ደም ሲፈስ እያየሁ ሳልሮጥ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ፊልሞቹ ወደሚታዩበት አዳራሽ የሚመጡትም ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። በእጃቸው ዓይናቸውን ይሸፍናሉ፣ በጣቶቻቸው መካከል ያያሉ፣ አብረው ይጮኻሉ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ተያይተው በራሳቸው ጩኸት ይስቃሉ። እዚያ ቤት ፍርሃቱን ለብቻው ይዞ የሚወጣ ሰው የለም። ያገኘሁት ይህንን ነው።

ደሙ ውሃ ውሃ ይል ስለነበር እኔ እሠራላችኋለሁ አልኳቸው። ስኳር አፍልቼ፣ ቀይ የምግብ ቀለምና ትንሽ ካካዎ እጨምርበታለሁ። ልብሶቹንም እኔ እሰፋለሁ። የአትክልት መርጫ ፓምፕ ነበራቸው፤ ልጆቹ ሲይዙት አንዴ ይበዛል አንዴ ይቆማል፣ የእኔ እጅ ደግሞ በስፌት መኪና ልኩን ለምዷል። ስለዚህ ፓምፑ ለእኔ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ፊልሞች ሁሉ፣ አንድ ቦታ ተደብቄ ደም የምገፋው እኔ ነኝ።

በዚህ ጉዳይ ሟች የሆነው ሰው ጎሚስታ ነበር። በሁሉም ፊልም ላይ የሚሞተው እሱ በመሆኑ «ሬሳው» እንለው ነበር፤ በስሙ ስንጠራው ዞሮም አያይ። ሌሎቹ ሲሞቱ ዝም ብለው ይወድቃሉ። እሱ ግን ከገዳዩ ጋር ይከራከራል፣ ቀጠሮ እንዲቀየርለት ይለምናል፣ ጫማውን አውልቆ ለሌላ እንዲሰጥ አደራ ይላል። ሰው አዳራሹን የሚሞላው እሱ ሲሞት ለማየት ነው። ከመቀረጹ በፊት ደሙን በጣቱ ይቀምሳል። የሞተ ዕለትም ቀምሶ «እትዬ፣ የዛሬው ደሜ ስኳር በዝቶበታል። በስኳር በሽታ ልትገድይኝ ነው?» አለኝ። እኔም «አንተ ተኝተህ የምትበላ ሰው ነህ፣ አትማረር» አልኩት።

የአሠራራችንን ነገር መርማሪው እንዲብራራ ስለጠየቁ እገልጻለሁ። ለአንድ አሟሟት ያለን አንድ ሸሚዝና አንድ ጀሪካን ደም ነው። ከተበላሸ የሚደገም ነገር ስለሌለ መሃል ላይ ማንም ቁም አይልም። የእህቴ ልጅም አይልም። ትዕይንቱ የሚቆመው ፓምፑን የያዘው ሰው «አለቀ» ሲል ብቻ ነው። «አለቀ» የእኔ ቃል ነው። ሁለተኛው ነገር ድምፅ ነው። ድምፁን ከቀረጻው በኋላ ሌላ ቦታ ተቀምጠው ስለሚያስገቡት ሲቀረጽ ካሜራው ድምፅ አይወስድም። ስለዚህ በቀረጻ ጊዜ ሁላችንም እንደፈለግን እንስቃለን። መርማሪዎች የያዙት ቪዲዮ ድምፅ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥር 27 ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ በተዘጋው የልብስ ማጠቢያ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ነበርን። አምስት ነን፦ የእህቴ ልጅ፣ ሬሳው፣ ካሜራ የሚይዘው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ፣ አማት ሆና የምትሠራው መምህርት እና እኔ። ፊልሙ አልሞት ስላለች አማት ነው። ሬሳው የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ሆኖ፣ አማቲቱን ሲያይ በመስኮት ሊያመልጥ አንድ እግሩን አውጥቶ ደፉ ላይ እንደተንፈራጠጠ ከኋላ አንገቱን ትነክሰዋለች። መምህርቷ ፊቷን ዱቄት ተቀብታ «እኔ ተማሪ እንጂ ትልቅ ሰው ነክሼ አላውቅም» እያለች ስታስቀን ነበር።

መስተዋቱን ጠዋት የእህቴ ልጅና ሬሳው ሁለቱ ሆነው ከመስኮቱ አውጥተውታል። ስብርባሪውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ሬሳው ራሱ ደፉን በመዳፉ ዳስሶ «ንጹሕ ነው» ብሏል። በመስኮቱ ታችኛው ጎድጓዳ ውስጥ በድሮ ስቱኮ ተሸፍኖ የቀረ የመስተዋት ስባሪ እንዳለ ያወቀ ሰው አልነበረም። በዚህ ነገር የእህቴን ልጅ በግዴለሽነት ልከሰው አልችልም።

እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ጠረጴዛው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በጨርቁ ላይ ማያ ቀዳዳ አበጅቼለታለሁ። ቱቦው ከእኔ ተነስቶ በሬሳው ሱሪ ውስጥ አልፎ አንገቱ ላይ ይወጣል። ቀረጻው ሲጀመር መምህርቷ ነከሰችው፣ እኔ ገፋሁ፣ ደሙ በደንብ ወጣ። ሬሳው «ቆጣሪውን ሳላነብ አልሞትም፣ እትዬ አማት» እያለ መከራከር ጀመረ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ድንገት «እግሬን፣ እግሬን» አለ። የሠርግ ቀራጩ «አንገቱን ተነክሶ እግሬን ይላል፤ ይሄ ሰውዬ በሳቅ ይገድለኛል» ብሎ ካሜራው ሲንቀጠቀጥበት መቆሚያው ላይ አስቀመጠው። መምህርቷም በሳቅ ፈርሳ ፊቷን ጀርባው ላይ ቀበረች፤ እንደዚያ ሆና ምንም ልታይ አትችልም።

ጀሪካኑ አለቀ። ፓምፑ ነፋስ ሲስብ ድምፁ ይለወጣል፣ እጄም ያውቀዋል። መግፋት አቆምኩ። በዚህ ጊዜ «አለቀ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ሬሳው ከደፉ ወደ ውስጥ ተንሸራቶ ጠረጴዛው አጠገብ ወደቀ። ከሱሪው ጫፍ ደም ይወጣል። ቱቦው እዚያ ጋ መውጫ የለውም። የእህቴ ልጅ ከካሜራው ኋላ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ በጨርቁ በኩል «አክስቴ፣ ከእግሩ ነው እንዴ የሚፈሰው?» አለኝ።

«ቱቦው ወልቆ ነው፤ ቀጥል» አልኩት።

«ጀሪካኑ ውስጥ ደም አለ?»

«አለ።»

እሱም አምኖኝ ተመለሰ። ሌሎቹ በሳቅና በሬሳው ጩኸት ምክንያት ይህንን አልሰሙም። መርማሪው ይህን ክፍል ሲጽፉ «በድንጋጤ ምክንያት» የሚል ጨምረውበት ነበር። እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል። አልደነገጥኩም። እየሳቅኩ ነበር። ቱቦ ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ወልቆ ስለሚያውቅ እንደዚያ መስሎኝ ነው ብዬ ልናገር እችል ነበር። ነገር ግን እጄ መቆሙን አውቃለሁ። ፓምፕ የማይገፋው ደም ከየት እንደሚመጣ ለመጠየቅ ማንበብ እንኳ መቻል አያስፈልግም። ጥያቄው መጣብኝ፤ መልሼ ገፋሁት። እውነት ከሆነ ይህም እንደ ባለቤቴ ደም ነው፣ ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ወጥቼ ልይዘው ነው። አይደለም ካልኩ ግን ሬሳው ነው፣ ቀጥሎ የሚያስቀን ነገር ይናገራል። እሱን ጠበቅኩ።

ሬሳው ጩኸቱን ተወ። እጁ በጨርቁ ሥር ገብቶ የቀሚሴን ጫፍ ያዘ። «እትዬ» አለኝ፤ የፊልሙ ድምፁ አልነበረም። እጁን ስፈልግ እጄ ወለሉ ላይ አረፈ። እኔ የሠራሁትን ደም ከማለዳ ጀምሮ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጬው ስለነበር ቀዝቃዛ ነው። ይህ ሞቃት ነበር። የዚያን ጊዜ ጨርቁን ገልጬ ወጣሁና ያንኑ ጨርቅ ጨምድጄ ጭኑ ላይ ተጫንኩ። «እውነት ነው፣ መኪና» ብዬ ስናገር መምህርቷ አሁንም ትስቅ ነበር። ቪዲዮው ላይ፣ ከተቆረጠበት ጊዜ እስከምወጣ ድረስ ከሦስት ደቂቃ በላይ መሆኑን መርማሪው አሳይተውኛል።

በሠርግ ቀራጩ መኪና ወሰድነው። ጨርቁን አልለቀቅኩም። ፊቴንም አላዞርኩም። መንገድ ላይ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ እኔ ልያዝልሽ» ሲለኝ አልሰጠሁትም። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀችው። ሟች ሕይወቱ አልፎ መድረሱን ሐኪሙ ነገሩን። በጭኑ ውስጥ ያለው ትልቁ ደም ስር በመቆረጡ ቶሎ ቢያዝ ሊተርፍ ይችል እንደነበርም ተናግረዋል። ያን ዕለት በሰጠሁት የመጀመሪያ ቃል «ጠረጴዛ ሥር ስለነበርኩ ያየሁት ነገር የለም» ብያለሁ። ሐሰት ነው።

የካቲት 3 ቀን ለእህቴ ልጅ የሚቀይረው ልብስ ይዤለት ወደ ታሰረበት ማረፊያ ክፍል ሄጄ ነበር። ለፖሊስ የሰጠው ቃል ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ ነው።

«አንቺ ‹አለቀ› ብለሻል» አለኝ። «እኔ ነኝ ጥሩ እየሄደ ነው ብዬ አልፌው ያስቀረጽኩት።»

«አላልኩም።»

«ብለሻል አልኩሽ፣ አክስቴ። ድምፅ የለም። የሰማ ሰው የለም።»

«አንተ ጠይቀኸኝ ‹ደም አለ› አልኩህ።»

«እኔ አልጠየቅኩም፣ አንቺም አልመለስሽም። እኔ ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ። አንቺ እዚህ ቤት ሳምንት አትቆዪም።»

«ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። አሁን ተነስተህ አንተ እኔን አታሳድገኝ።»

ሳቅ አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጠባቂው ጊዜው ማለቁን ነገረን። ልብሱን ተቀብሎኝ ሲገባ «ማታ በሩን ቆልፈሽ ተኚ» ብሎኝ ሄደ። በዚያ ቃሉ ከጸና፣ ሰው እየሞተ መሆኑን እያወቀ ቀረጻ ቀጥሏል ተብሎ እንደሚከሰስ መርማሪው ዛሬ አረጋግጠውልኛል። እሱ አላወቀም። እውነቱን የሚያውቀውን ሰው ጠየቀ፣ ያ ሰው ዋሸው።

ከዚያ በማግስቱ የሟችን ሚስት ለማጽናናት ቤቷ ሄድኩ። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ እሷ ወደ ጓዳ ይዛኝ ገባች። ባሏን በፊልም ሲሞት አይታው እንደማታውቅ፣ ልጆቹ ግን አባታቸው በሞተ ቁጥር እየሳቁ እንደሚያዩት ነገረችኝ። «አሁንም ተነስቶ የሚመጣ ይመስላቸዋል፤ ሁልጊዜ ሲነሳ ነው ያዩት» አለች። ከዚያ «እትዬ፣ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። መሞቱን አውቆታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላወቀም» አልኳት። «እየሳቀ ነው ያለፈው።»

እጄን ይዛ ሳመችኝ። «ተመስገን፤ ብቻውን አልነበረም። አንቺማ የምትችይውን አድርገሻል» አለችኝ።

ከቤቷ ወጥቼ ጥግ ጥጉን ይዤ ስሄድ፣ ይህንን ማጽናኛ ይዤ እንደማልኖር ወሰንኩ። የመጀመሪያውን ተሸክሜ እዚህ ደርሻለሁ። ሁለተኛው ግን የእኔ ብቻ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ታስሮ የሚከፍልበት፣ ሁለት ልጆች አምነው የሚያድጉበት ነው። በባለቤቴ ጊዜ እውነቱን ብናገርም ባልናገርም የሚታሰር ሰው አልነበረም። አሁን አለ።

መርማሪው ይህ ቃል በእኔ ላይ ክስ ሊያስከትል እንደሚችል፣ ጠበቃ ማማከር መብቴ መሆኑንና ከፈለግኩ ማቆም እንደምችል ነግረውኛል። ተረድቼ ቀጥያለሁ። ወደፊት እነዚህን ፊልሞች አያቸው እንደሆነም ጠይቀውኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱን ከፍቼ ነበር። ቱቦው እንደ ድሮው ይታያል። ሬሳው ሞቶ ተኝቶ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁና ዘጋሁት።

የእህቴ ልጅ ከእኔ በሰማው መሠረት እንጂ አውቆ አለመቀጠሉን፣ «አለቀ» የሚለውን ቃል እኔ አለመናገሬን፣ ስለ እግሩ ሲጠይቀኝ ቱቦው ወልቆ ነው ማለቴን፣ ይህንንም የተናገርኩት ፓምፑ መቆሙን እያወቅኩ መሆኑን በድጋሚ አረጋግጣለሁ። ጽሑፉን ማንም ሳያነብልኝ በራሴ ዓይን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። የእኔ ያልሆነውን አሰርዣለሁ። የቀረው እኔ ያልኩት ነው፤ የትም ቦታ ተጠርቼ እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የታዛቢ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ይህ ቃል በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቷል። አንደኛው ከምርመራ መዝገቡ ጋር ይያያዛል፤ ሁለተኛው ለዐቃቤ ሕግ ይላካል። ሦስተኛውን በምስክሯ ጥያቄና በኃላፊው ፈቃድ፣ ምስክሯ ራሷ በእጇ የምታደርሰው ለሟች ሚስት ነው።